ትንሽ አሞታል

ሰው ሲወፍር ማንም ምንም አይለውም። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ስወፍር አንድ ጎረቤት በሬን አንኳኩቶ «ምነው፣ ምን ሆነህ ነው?» ብሎኝ አያውቅም። እንዲያውም «ተስማምቶሃል» ነበር የሚሉኝ። ቀበቶዬ ቀዳዳ አልቆበት በምስማር አዲስ ስበሳለት ያየኝ ሰው «ተመስገን በል» ብሎኝ አልፏል። ስድስት ኪሎ የቀነስኩ ጊዜ ግን ሰፈሩ በሙሉ እየተነፋረቀ ቤቴ ገባ። ነገሩ እንዴት እንደሆነ ልንገራችሁ። እስካሁን በደንብ አልገባኝም፤ ስጽፈው ይገባኝ እንደሆነ ብዬ ነው።

ሥራዬ የሰርቪስ ሾፌርነት ነው። ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ከአያት ሠራተኛ እየለቀምኩ፣ በመገናኛ አድርጌ፣ ኦሎምፒያ ያለው መሥሪያ ቤት አራግፋለሁ። ማታ ያንኑ ሰው መልሼ እበትናለሁ። የሰርቪስ ሾፌር ሥራው መንዳት ይመስላችኋል። ሥራው መጠበቅ ነው። ከጠዋቱ ጉዞ እስከ ማታው ጉዞ ዘጠኝ ሰዓት አለ። ዘጠኝ ሰዓት ምን ይሠራበታል? ይበላበታል። አምስት ሾፌሮች ሆነን ከግቢው ጀርባ ካለች ምግብ ቤት እንገባና በፉል ጀምረን በጥብስ እንጨርሳለን። ከዚያ ወንበር አጋድመን እንተኛለን። የሚገርመው መወፈሬ ሳይሆን በበሩ ማለፍ መቻሌ ነበር።

ዘንድሮ ታዲያ የመሥሪያ ቤቱ ክሊኒክ መረመረን። ሐኪሟ ልጅ እግር ናት። ሚዛኑን አየች፣ እኔን አየች፣ እንደገና ሚዛኑን አየች። እኔን አስወርዳ ራሷ ወጣችበትና ሚዛኑ ጤነኛ መሆኑን አረጋገጠች። ከዚያ ግፊቴን ለካችና ዝም አለች። ሐኪም ዝም ሲል የእኔ ግፊት ይጨምራል።

«ጋሼ፣ በዚህ ሁኔታ አርባ ሰው ይዘው መንዳት የለብዎትም» አለችኝ።

«አርባውን እኔ ነኝ እንዴ የምሸከመው? ጎማው ነው።»

አልሳቀችም። በሳምንቱ ደብዳቤ ደረሰኝ። በሁለት ወር ውስጥ ክብደቴና ግፊቴ ካልወረደ መሪ ለቅቄ ወደ ጥበቃ ክፍል እዛወራለሁ ይላል።

ደብዳቤውን ራሴ ነኝ ያነበብኩት። ይህን የምለው ለጉራ አይደለም። እኔ ፊደል የቆጠርኩት በሠላሳ አራት ዓመቴ ነው። ከዚያ በፊት የከባድ መኪና ረዳት ነበርኩ፤ ታፔላ የማነበው በቀለሙ ነበር። መንጃ ፈቃድ ለማውጣት ስል በማታ ትምህርት ቤት፣ ጉልበቴን የማያስገባ ዴስክ ላይ ተቀምጬ፣ ጢሜን እየላጨሁ ሀ ሁ ቆጠርኩ። ሌላው ሰው ፊደል የሚማረው ሊያውቅ ነው፤ እኔ የተማርኩት መሪ ልይዝ ነው። እና አሁን መሪውን ሲወስዱብኝ ፊደሉን ምን ላድርገው? የገቢ ወጪውን መታወቂያ ላንብብበት? ጥበቃን ንቄ አይደለም። ግን ሃያ ሁለት ዓመት ጥሩንባ እየነፋሁ በር ሳስከፍት የኖርኩ ሰውዬ ነኝ። ነገ ጥሩንባ የሚነፋብኝ በእኔ ወንበር ላይ የተቀመጠው ነው። እሱን ነው ያልቻልኩት።

ልጄ ሄለን ነገሩን ሰማች። ሄለን ቦሌ አንድ ቢሮ ትሠራለች፤ አማርኛ ስታወራ እንኳ እንግሊዝኛው ነው የሚበዛው።

«አባ፣ ዶንት ወሪ። የሚያስፈልግህ ካርዲዮ ነው።»

«ምንድን ነው እሱ?»

«ልብህን ማሠራት።»

ይህ ልብ ከተወለድኩ ጀምሮ ሥራ ፈት ነበር ማለት ነው።

መጀመሪያ በነፃ ልሞክር ብዬ አንድ እሁድ ጠዋት አስፋልት ላይ ወጥቼ ሮጥኩ። ወጣት በቱታ ሲሮጥ ስፖርት ነው። በጃኬትና በቆዳ ጫማ የሚሮጥ የሃምሳ ስድስት ዓመት ሰው ግን ሌባ እያባረረ ነው እንጂ ሌላ ምን ሊሆን ይችላል? ሁለት መቶ ሜትር ሳልሄድ አንድ ሰው ከጎኔ መሮጥ ጀመረ። «በየት በኩል ሄደ?» አለኝ። ትንፋሽ አጥሮኝ መልስ መስጠት ስላቃተኝ በእጄ ወደፊት አሳየሁት፤ «ወደፊት እየሮጥኩ ነው» ለማለት ነው። እሱ ግን ተፈተለከ። ሌላ ሁለት ሰው ተከተለው። አንዱ ድንጋይ አነሳ። እኔ ስቆም እነሱ አልቆሙም። ኋላ ላይ ላባቸው እየተንጠባጠበ መጥተው «አመለጠን ጋሼ። ምን ነበር የወሰደብዎት?» አሉኝ። ስፖርት ነው ማለት አፈርኩ። «ስልክ» አልኩ። አጽናኑኝ። አንደኛው «ዋናው ነፍስዎ ነው» አለኝ። ያን ጊዜ ስልኬ ኪሴ ውስጥ ጠራ። አላነሳሁትም።

ከዚያ በኋላ ነው ሄለን ማሽኑን ያመጣችው። ገርጂ ቤት የሚለቅ ሰው ቴሌግራም ላይ ለሽያጭ አውጥቶት አግኝታ ነው። ትሬድሚል ይባላል። ከሥሩ ላስቲክ ይሽከረከራል፤ አንተ ላዩ ላይ ትሮጣለህ፤ ላስቲኩ ወደኋላ ይመልስሃል። መሥሪያ ቤቴን በደንብ የሚያውቅ ሰው የፈለሰፈው መሆን አለበት።

የምኖረው አያት ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ሊፍት የለም። አራት ጫኝ አውራጆች ማሽኑን ተሸክመው ሦስተኛ ፎቅ ሲደርሱ አስቀምጠውት አረፉ። ከመካከላቸው ባለ ሪዙ ሰውዬ በግርምት ይዞረው ጀመር።

«ምን ያደርጋል ይሄ?»

«ይሮጡበታል።»

«የት ድረስ?»

«የትም። እዚያው ላይ ነው።»

ሰውዬው ጓደኞቹን አያቸው። «የትም ላይደርሱበት ነው አራተኛ ፎቅ ድረስ ያሸከሙን?» አለና ሆዴን ዓይቶ መልሶ ትከሻውን ከማሽኑ ሥር አስገባ። ልክ ነበር። እሱ ማሽኑን ሁለት ጊዜ እንዲህ ቢያወጣና ቢያወርድ የሚከሳው እሱ ነው። አላልኩትም እንጂ በደረጃው እኔ ብሸከመው ኖሮ ማሽኑ አያስፈልግም ነበር።

ባለቤቴ ወይንሸት ማሽኑን እንዳየችው የመጀመሪያ ሥራዋ ጋቢ ማልበስ ሆነ።

«ሰው እንዳያይ» አለች።

«ምን አለበት ቢያይ? ሰርቄ አላመጣሁት።»

«እህል እንዲህ በተወደደበት ጊዜ የበላነውን ማቃጠያ ማሽን ገዛን ልትል ነው? ጎረቤቱ የሚበላው አጥቶ እኛ የበላነው ተርፎን? ነውር አይደለም እንዴ? ዝም በል፣ ተሸፍነህ ሩጥ።»

በዓለም ላይ ስንት አገር ይሆን የበላውን ለማጥፋት የሚያፍር ሰው ያለው? አላውቅም። እኛ ግን እንደዚያ ነን። ቁርጥ ስንበላ በር ከፍተን ነው፤ ስናቃጥለው በር ዘግተን።

ማታ ማታ ከሥራ ስመለስ ጋቢውን ገልጬ እሮጥ ጀመር። ማለቴ እራመድ ጀመር። ማሽኑ ፊቱ ላይ ቁጥር ይጽፋል። እኔ ደግሞ በልጅነቱ ከተማረ ሰው የምለየው በዚህ ነው፦ የተጻፈ ነገር አምናለሁ። የመድኃኒት ወረቀት ከላይ እስከታች አነባለሁ። የሳሙና ካርቶን አነባለሁ። ማሽኑም የጻፈውን ሁሉ በየቀኑ ደብተር ላይ እገለብጥ ነበር። አንድ ቀን አርባ ደቂቃ ሄጄ፣ ላቤ ዓይኔ ውስጥ እየገባ፣ የጻፈውን ቁጥር ለሄለን አሳየኋት።

«ዋው አባ! ይሄ እኮ የአንድ ዳቦ ካሎሪ ነው።»

«የስንት ዳቦ?»

«የአንድ።»

ከማሽኑ ወርጄ መሬት ላይ ተቀመጥኩ። አርባ ደቂቃ ለአንድ ዳቦ! ዳቦውን ስበላው ሁለት ደቂቃ አልፈጀብኝም። በሃያ ሁለት ዓመት የበላሁትን ዳቦ በአርባ ደቂቃ ማባዛት ጀመርኩና ከሞት በኋላም ስሮጥ እንደምኖር ገባኝ። ቢሆንም አልተውኩም። ምሳዬን ቋጥሬ ይዤ መሄድ ጀመርኩ፤ ጥብሱን ተውኩት። ሾፌሮቹ ሳቁብኝ። በወሩ አራት ኪሎ ወረደ። የሸሚዜ ኮሌታ ሰፋ። ፊቴ ላይ ድሮ የማውቀው አጥንት ወጥቶ በመስታወት ሰላም አለኝ።

ይህን ጊዜ ነው ከእኛ በታች ሦስተኛ ፎቅ የሚኖሩት እትዬ ዘነበች በራችንን ያንኳኩት። እኔ መኝታ ቤት ልብስ እየቀየርኩ ስለነበር ንግግራቸውን በግድግዳ ነው የሰማሁት።

«ወይንሸትዬ፣ ይሄ ማታ ማታ የሚወቀጠው ምንድን ነው? በርበሬ እንዳልል ሽታ የለው።»

ባለቤቴ ውሸት አትችልም። ውሸት የማይችል ሰው ደግሞ ግማሽ እውነት ይናገራል፤ ከዚያ የከፋ ነገር የለም።

«እሱ ነው እትዬ... ሐኪም እንቅስቃሴ አድርግ ብሎት ነው።»

«ሐኪም? ምን ሆነ?»

«ኧረ ምንም አልሆነም። ትንሽ አሞት ነው።»

በቃ። እዚያ ላይ አለቀልኝ።

እኛ ሰው ጉንፋን ሲይዘው «ሞቼ ነው የተረፍኩት» እንላለን። ራሱን ሲያመው «ልፈነዳ ነው» እንላለን። ሐኪም ተስፋ ቆርጦ ወደ ቤቱ የመለሰውን ሰው ግን «ትንሽ አሞታል» ነው የምንለው። ይህን የማያውቅ የከተማ ሰው የለም። እትዬ ዘነበችም ያውቃሉ። ቀጥሎ ነጠላቸው ሲንኮሻኮሽ ሰማሁ። ዓይናቸውን እየጠረጉ ነበር።

በማግስቱ ማታ ትኩስ አጥሚት ይዘው መጡ። ማሽኑ ጋቢ ለብሶ ጥግ ቆሟል። ፊት ለፊቴ ተቀመጡና ኮሌታዬን አዩት።

«አይዞህ» አሉኝ።

«ደህና ነኝ እኮ እትዬ።»

«እሱማ ደህና ነህ» አሉና አንገታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ።

እንግዲህ ፍረዱኝ። የታመመ ሰው «ደህና ነኝ» ካለ «አልነገሩትም ማለት ነው» ይባላል። «አሞኛል» ካለ ታሟል። ሦስተኛ መልስ ካለ እስካሁን እየፈለግኩት ነው። አጥሚቱን ጠጣሁት። እሳቸው ሲወጡ ጋቢውን ገልጬ አጥሚቱን ለማውጣት አንድ ሰዓት ሄድኩ። እሳቸው ከሥር ሆነው ዱካውን ሲሰሙ ሕመሙ ተነሥቶብኝ የምወራጭ መስሏቸዋል። ይህን ኋላ ነው የነገሩኝ።

ከዚያ በኋላ ጠያቂ ጎረፈ። ብርቱካን መጣ። ሙዝ መጣ። አምቦ ውሃ በሳጥን መጣ። ጸበል መጣ፤ እሱ እንኳ አያወፍርም፣ እግዜር ይስጣቸው። አንደኛ ፎቅ ላይ ሱቅ ያላት ረቢያ ደግሞ ክትፎ በጣባ ይዛ መጣች። ቅቤው ከላይ ተንሳፏል።

«ረቢያ፣ ለታመመ ሰው ክትፎ?»

«ታዲያ ለጤነኛ ነው እንዴ? ደም ይሆንሃል። በል አፍህን ክፈት።»

«እኔ በእጄ...»

«ክፈት አልኩህ እኮ! አባቴ አምስት ዓመት የኖረው በእኔ ክትፎ ነው።»

አጎረሰችኝ። አንድ ጉርሻ ያጣላል ብላ ደገመችኝ። ሁለት ላይ ማቆም አይቻልም ብላ ሠለሰችኝ። አፌ ሞልቶ «ደህና ነኝ» ስላት «ብላ፣ ብላ፣ አትልፋ» አለችኝ። እኔ ቆጠርኩት፦ የረቢያ አንድ ጉርሻ የማሽኑ ሃያ አምስት ደቂቃ ነው። ሰው ሲጠይቀኝ አመሻለሁ፣ የተጠየቅኩበትን ሳቃጥል አመሻለሁ። ወይንሸትን «ንገሪያቸው!» ስላት «አሁን ብነግራቸው ያንን ሁሉ ብርቱካን ከበላን በኋላ አታለሉን አይሉም?» አለችኝ። ይህም እውነት ነበር። የጠያቂ ብርቱካን ጤነኛ ሆኖ መብላት ሌብነት ነው።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት መስኮት ላይ ቆሜ ወደ ታች ሳይ የእድራችን ዳኛ ጋሽ ተሰማ መኪና ማቆሚያው ላይ በእርምጃ ይለካሉ። አሥራ ሁለት እርምጃ በቁመት፣ ስምንት በጎን። ቆም ብለው ወደ አራተኛ ፎቅ አንጋጠጡ። ዓይን ለዓይን ተጋጨን። እጃቸውን አውለበለቡልኝ። እኔም አውለበለብኩ። ድንኳኑ የት እንደሚተከል እያዩ መሆኑን ስረዳ ግን እጄ አየር ላይ ቀረ። የራሱን የለቅሶ ድንኳን ቦታ በቁሙ ያየ ሰው ብዙ አይመስለኝም። ቦታው ጥሩ ነው። ጥላ አለው።

ይህ ሁሉ ሰፈር ውስጥ ቢቀር ምንም አልነበረም። የእትዬ ዘነበች የእህት ልጅ ሰብለ ግን በእኔ ሰርቪስ ነው የምትሄደው። አንድ ሰኞ ሠራተኞቹ ሲሳፈሩ «እንደምን አደርክ» የሚለውን ትተው «እንዴት አደርክልን» አሉኝ። ያቺ «ልን» ለበሽተኛ የምትባል ናት። ማንም ከኋላዬ ወንበር ላይ አልተቀመጠም። ሲ.ኤም.ሲ. ላይ ጉሮሮዬን ብጠርግ መኪናው ሙሉ ሰው በአንድ ድምፅ «በስመ አብ!» አለ። መገናኛ ላይ ቀይ መብራት ይዞኝ ዓይኔን ሳሽ አንዱ ከኋላ ተንደርድሮ መጥቶ የእጅ ፍሬኑን ያዘ። ሁለት ወሩ ሊያልቅ አንድ ሳምንት ሲቀረው ሠላሳ ስድስት ሰዎች ሾፌር ይቀየርልን ብለው ፈረሙ። ፊርማቸውን አየሁት። «ለእሱው ጤንነት በማሰብ» ይላል።

ዓርብ ዕለት ክሊኒክ ገባሁ። ያችው ልጅ ሚዛኑ ላይ አወጣችኝ። ስድስት ኪሎ ወርዷል። ግፊቴን ሁለት ጊዜ ለካችው። «ጋሼ! ወደ ቦታው ገብቷል እኮ! መንዳት ይችላሉ» ብላ ጻፈችና ማኅተም መታችልኝ። ወረቀቱን ደረጃው ላይ ቆሜ ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ዓይኔን ውሃ ሞላው፤ አቧራ ነው።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ ወረቀቱን ለጎረቤት ለማሳየት ገና ሳስብ፣ ጋሽ ተሰማ የእድሩን ሰዎች አስከትለው ገቡ። እትዬ ዘነበች ገቡ። ረቢያ ጣባዋን ይዛ ገባች። እነሱ ሳይቀመጡ ደግሞ የመሥሪያ ቤታችን የአስተዳደር ኃላፊ ወይዘሮ ጽጌ ከአምስት ሠራተኞች ጋር ፓፓያ ይዘው መጡ። ሰብለም አለችበት። ቤቴ እንዲህ ሞልቶ የማውቀው ሄለን ክርስትና ስትነሣ ነው።

ወይዘሮ ጽጌ ጉሮሯቸውን ጠራረጉ። «መቼም ጤና ከሁሉ ይበልጣል። ሠራተኛው በጣም ይወድዎታል። ጥበቃ ላይ እኮ ወንበር አለ፣ ጥላ አለ፤ እያረፉ...»

ወረቀቱን ከኪሴ አወጣሁ። «ደህና ነኝ። ይኸው! የሐኪም ወረቀት!» አልኩና ቆሜ ከላይ እስከታች ጮክ ብዬ አነበብኩት። ማኅተሙን ሳይቀር አነበብኩት።

ጋሽ ተሰማ ወደ ወይዘሮ ጽጌ ጎንበስ ብለው፣ ቀስ ያሉ መስሏቸው፣ «ሐኪሞች ዘንድሮ ለራሱ ለታማሚው አይነግሩትም» አሏቸው። ሁሉም ራሱን ነቀነቀ። እኔ ፊደል ቆጥሬ፣ አንብቤ፣ አምኜ፤ በልጅነታቸው የተማሩት አንዳቸውም አላመኑም!

ደሜ ፈላ። ሄጄ ከማሽኑ ላይ ጋቢውን ገፈፍኩት። ወይንሸት ፊቷን በእጇ ሸፈነች።

«ይኸውላችሁ! ይሄ ነው ያመመኝ! ሩጫ ነው! እዩ!»

ወጣሁበትና ሮጥኩ። ለመጀመሪያ ጊዜ በእውነት ሮጥኩ። እትዬ ዘነበች «ማርያም ማርያም» ይላሉ። ረቢያ ላስቲኩን ለማየት ተንበርክካለች። ጋሽ ተሰማ ሰዓታቸውን አወጡ። የወይዘሮ ጽጌ ፊት ለስለስ ሲል አየሁት። ተሳካልኝ ብዬ ፍጥነቱን ጨመርኩ።

መብራት ጠፋ።

መብራት ሲጠፋ ላስቲኩ ቀጥ ብሎ ይቆማል። እኔ ግን አልቆምኩም። በደረቴ መያዣው ላይ ተዘረጋሁ፤ ጉልበቴ ታጠፈ፤ ወለሉ ላይ አረፍኩ።

«ወደቀ!» አለ አንዱ። «ውሃ! ውሃ!» አለ ሌላው። ሰብለ አለቀሰች። ጸበል ፊቴ ላይ ተደፋ። ጋሽ ተሰማ «ሰው ዞር በሉ፣ አየር ይግባ፤ ወይንሸት፣ አንቺ ጠንከር በይ» ሲሉ ሰማኋቸው። ወይዘሮ ጽጌ ቀስ ብለው «ጥበቃውም ይቅር፣ እቤት ይረፉ» አሉ።

ያኔ ተነሣሁ።

«ማን ነው ይረፍ ያለው? ጋሽ ተሰማ! እርስዎ በቁሜ ድንኳን ሲለኩልኝ ምን አድርጌዎት ነው? ዓመት ሙሉ የተቀደደውን የእድር ድንኳን ማሰፋት አቅቶዎት የእኔን ሬሳ በዝናብ ሊያስደበድቡ! አንቺ ረቢያ፣ ቅቤሽን ሱቅሽ ውስጥ በጭልፋ ጫፍ እየለካሽ ትሸጪያለሽ፤ እኔን ለመግደል ሲሆን በጣባ! እትዬ ዘነበች፣ እርስዎ የሰው ዱካ ሲያዳምጡ ያመሻሉ፤ ዱካ ሰምተው ያለቀሱ ሰው ከእርስዎ ሌላ አላየሁም! እናንተ ደግሞ የሰርቪስ ሰዎች! ለእሱው ጤንነት በማሰብ! ሠላሳ ስድስታችሁ በሰዓታችሁ ፌርማታ ላይ ብትገኙ ግፊቴ ዱሮ ይወርድ ነበር! ተነሡ! ፓፓያችሁን ይዛችሁ ውጡ!»

ወይንሸት ልትሞት ደረሰች። እኔም ምን እንዳልኩ ሲገባኝ ወንበር ፈለግኩ። መሪውም፣ ሥራውም፣ እድሩም በአንድ ትንፋሽ ሄዱ ብዬ አሰብኩ።

ቀድመው የተነፈሱት እትዬ ዘነበች ናቸው። መጀመሪያ ፈገግ አሉ። ከዚያ እልል አሉ።

«ምን ነካዎት እትዬ?» አሏቸው ጋሽ ተሰማ።

«አትሰማም እንዴ? ይሄ የሚሞት ሰው ነው? የሚሞት ሰው እኮ ይቅር በሉኝ ነው የሚለው! የእኔ ባለቤት፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ ዕድሜ ልካቸውን ተሳድበው ሊሞቱ ሳምንት ሲቀራቸው ውሻውን ሳይቀር ይቅርታ ጠየቁ። ያን ጊዜ ነው ያለቀላቸው መሆኑን ያወቅሁት። ይሄ ግን... አንድ ሰው እንኳ አልማረም!»

ጋሽ ተሰማ አሰቡበት። «እውነት ነው» አሉ። «ድንኳኑንም አልረሳው።» ረቢያ «ቅቤዬን እንኳ አልማረልኝም፤ አልሐምዱሊላህ» አለችና ጣባዋን መልሳ አነሣች። በሐኪም ማኅተም ያልታመንኩት ሰውዬ በስድብ ታመንኩ። ይህን ነው እስካሁን እያሰብኩ የማልጨርሰው። ለምንድን ነው ደግ ስሆን የሚፈራልኝ፣ ስከፋ የምታመነው? ማን ይመልስልኛል? ሄለን እንኳ «አባ፣ አይ ሃቭ ኖ አይዲያ» ነው ያለችኝ።

ወይዘሮ ጽጌ በር ላይ ሲደርሱ ዞር አሉ። ስለ ስድቡ ይቀጡኛል ብዬ አንገቴን ደፋሁ።

«ወረቀቱን ሰኞ ቢሮ ያምጡልኝ፤ እኔ አስገባዋለሁ። መሪው የእርስዎ ነው» አሉ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ግን ያልመጡት ሠላሳ አንዱ አሁንም ፈርተዋል። ሰኞ ሲሳፈሩ... እንዴት እንደምልዎት አላውቅም... እንደዛሬው ትንሽ ጠንከር ብለው ቢያናግሯቸው ይረጋጋሉ።»

ሰኞ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ አያት ቆሜያለሁ። የሒሳብ ክፍሏ ሴትዮ እንደ ልማዷ ሰባት ደቂቃ ዘግይታ፣ ሳንቡሳ እየበላች፣ ሳትቸኩል መጣች። አንድ እግሯን ደረጃው ላይ አድርጋ በሐዘን ዓይን አየችኝ።

«እንዴት አደርክልን?»

«አንቺን ስጠብቅ አደርኩልሽ! አርባ ሰው አንቺ ሳንቡሳ እስክትጨርሺ ይጠብቅ? ግቢ ወይ ውረጂ!»

ሴትዮዋ ሳንቡሳዋን አፏ አጠገብ እንደያዘች ቆመች። ከዚያ ፊቷ በራ። ወደ ኋላ ዞራ ለመኪናው ሙሉ ሰው ጮክ ብላ ተናገረች።

«ድኗል!»